አሥር ደቂቃ የማይበቃበት ከፍታ

ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ የደረቀ የካምፕ ምግብ ጀርባው ላይ ያለው መመሪያ አጭር ነው። እሽጉን ክፈቱ፣ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ዘግታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መመሪያው ስህተት የለበትም፤ ግን «የፈላ ውሃ» የሚለው ቃል ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጎድልበታል። አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ይፈላል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር ካምፕ፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ 89 ይሆናል፤ ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር ላይ፣ 88። ባሌ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትሩን ሲያልፍ ከ87 በታች ይወርዳል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ 4,377 ሜትር፣ 85 ተኩል ገደማ ነው። ምድጃውን ማጋጋል ይህን አይለውጠውም። እሳቱ ሲበረታ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

አሥራ ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። እሽጉ ውስጥ ሲገባ ግን ልዩነቱ ይታያል። 130 ግራም ቀዝቃዛ ደረቅ ምግብ ላይ 400 ሚሊ ሊትር የ100 ዲግሪ ውሃ ቢፈስ ድብልቁ 89 አካባቢ ላይ ይረጋል። ጨነቅ ላይ በ88 ዲግሪ የፈላው ያው ውሃ ሲፈስ ግን ድብልቁ ከ79 አያልፍም። በዚያ ላይ ማታ የውጩ አየር ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከረጢቱ ቀጭን ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ሙቀቱን ይወስደዋል። መመሪያው ያለው ደቂቃ ሲሞላ ምግቡ ለብ ብሏል፤ ፓስታው ለስልሷል፣ ሥጋው ግን ውስጡ ገና ጠጠር ነው። ብዙ ሰው «ይሄ የደረቀ ምግብ አይበላም» ብሎ የሚፈርደው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ፍርዱ ያለ ቦታው ነው፤ ምግቡ የጎደለው ጊዜና ሙቀት ነው።

መፍትሔው ጊዜውን ማርዘምና ከረጢቱን መሸፈን ነው። በየ1,500 ሜትሩ የመጠበቂያውን ጊዜ እጥፍ ማድረግ የተለመደ ምክር ነው፤ በዚያ ስሌት ጨነቅ ላይ አሥሩ ደቂቃ ከአርባ በላይ ይሆናል። ከረጢቱ ሜዳ ላይ ተራቁቶ የሚቀመጥ ከሆነ እውነትም ይህን ያህል ያስፈልገው ይሆናል፤ ግን አርባ ደቂቃ ሲሞላ የሚበላው ቀዝቃዛ ነገር ነው። በደንብ ከተሸፈነ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ለመሸፈኛ ደግሞ ጋቢ የሚስተካከለው የለም። አራት እጥፍ የሆነው ጥጥ አየር አምቆ ይይዛል፣ ከረጢቱን ዙሪያውን ጠምጥሞ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ሲመሽ ደግሞ ያው ጋቢ ይለበሳል። የመኝታ ከረጢት ውስጥ መክተት ግን አይመከርም። ዚፑ በትክክል ያልገጠመ እሽግ አንዴ ከፈሰሰ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ውስጥ ማደር ነው፤ በሳነቴ ብርድ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከረጢቱን አከፋፈቱ ላይም ብዙ ነገር ይበላሻል። መጀመሪያ ከውስጥ ያለችው ትንሿ የኦክስጅን መምጠጫ ከረጢት ትውጣ። ውስጧ የብረት ዱቄት ነው፤ አትበላም፣ ከቀረች ከምግቡ ጋር ትማሰላለች። ከዚያ ውሃው ሳይፈስ በፊት እሽጉ በእጅ ተሻሽቶ የተጋገረው እንዲፈረካከስ ይደረግ። ቅመሙና ጨው ያለበት ዱቄት ሁልጊዜ ከታች ማዕዘኖቹ ላይ ይከማቻል። በአጭር ማንኪያ ያማሰለ ሰው ላዩን አልጫ፣ ታቹን ደግሞ ምላስ የሚያቃጥል ጨው ያገኛል። ረጅም እጀታ ያለው ማንኪያ፣ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ለዚህ ሥራ ከምድጃው ያልተናነሰ ዕቃ ነው።

ውሃውን በሁለት ጊዜ መጨመር ይሻላል። ከታዘዘው ሦስት አራተኛው ይፍሰስና ይማሰል፣ ከረጢቱ ይዘጋ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ተከፍቶ አንዴ ከሥሩ ይማሰልና የቀረው ውሃ፣ እንደገና ፈልቶ፣ ይጨመር። ሁለተኛው ውሃ ያጣውን ሙቀት ይመልስለታል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ከፍታ ላይ ምግቡ ውሃውን ቀስ ብሎ ስለሚስብ በአሥረኛው ደቂቃ ሾርባ መስሎ ይታያል። «ውሃ በዛበት» ብሎ የሚያፈስሰው ሰው ከውሃው ጋር ጨውንና ቅመሙን ያፈሳል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ የደረቀ ጉብታ ያገኛል።

የደረቀ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

እነዚህ እሽጎች የሚደርቁት በሁለት መንገድ ነው፤ ልዩነቱን ያወቀ ሰው የትኛው ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ራሱ መገመት ይችላል። አንደኛው ፍሪዝ ድራይ የሚባለው ነው። የበሰለው ምግብ በኃይለኛ ቅዝቃዜ በረዶ ይሆናል፤ ከዚያ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ይገባና በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። ውሃው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ስለሚቀር ምግቡ ቅርጹን እንደያዘ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሲነኩት ይቀላል፣ ሲጫኑት ይፈረፈራል፣ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ቶሎ ይጠጣል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ድንቻቸውን በሌሊት ውርጭ አቀዝቅዘው፣ በእግር ረግጠው ውሃውን አውጥተው፣ በቀን ፀሐይ እያደረቁ ቹኞ የሚሉትን ሲሠሩ የኖሩት የቫኩም ማሽን ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ውርጭንና ደረቅ አየርን ማገናኘት የእነሱ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው በሙቅ አየር ማድረቅ ነው። ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተሳበ ሲወጣ ምግቡ አብሮ ይኮማተራል፣ ቆዳው ይጠነክራል። አተሩን ማየት ይበቃል፦ ክብ ሆኖ ሲነኩት የሚቀል ከሆነ በቅዝቃዜ የደረቀ ነው፤ ተጨማድዶ እንደ ጠጠር የከበደ ከሆነ በሙቅ አየር። ዋጋ ለመቀነስ ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ የሚቀላቅሉ እሽጎች አሉ፤ ሥጋው በቅዝቃዜ፣ ካሮትና አተሩ በሙቅ አየር የደረቀ ይሆናል። እንዲህ ያለው እሽግ የሚለካው በሰነፉ ነው። አተሩ የሚፈልገውን 30 እና 35 ደቂቃ መስጠት፣ ወይም ከተቻለ ብረት ድስት ውስጥ ገልብጦ አምስት ደቂቃ ማንተክተክ ያስፈልጋል።

ጀርባውን ሳያነቡ ተራራ አለመውጣት

ከሁሉ በፊት ጾም። ተራራ የሚወጣበት የበጋ ወራት ከኅዳር 15 የሚጀምረውን ጾመ ነቢያት ይዞ ነው የሚገባው፤ ከገና በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ዐቢይ ጾም ይከተላል፣ በመሐሉም ረቡዕና ዓርብ አሉ። እሽጉ ፊት ላይ የአትክልት ሥዕል መኖሩ የጾም ነው ማለት አይደለም። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ቃል ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። የሚፈለገው «ቬጋን» የሚለው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የአጓት ዱቄት፣ ካዜይን ወይም ላክቶስ ካለ ከወተት የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙትም ሩዝና ፓስታውን ወፍራም ለማድረግ በሚገባው መረቅ ውስጥ ነው። ለሙስሊም ተጓዥ ደግሞ ጌላቲንና የሥጋው ምንጭ መታየት አለባቸው፤ የሐላል ምልክት የሌለበትን የሥጋ እሽግ ትቶ የአትክልቱን መያዝ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ፣ በብርሃን፣ ሳይርብ መነበብ ያለበት ነው።

ቀጥሎ የሰው ቁጥር። ብዙ ከረጢቶች «ለሁለት ሰው» ይላሉ። ይዘቱ ግን 130 ግራም ገደማ፣ ካሎሪው 600 አካባቢ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሽቅብ ቁልቁል ሲል የዋለ ሰው በቀን ከ3,000 እስከ 4,000 ካሎሪ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ከረጢት የአንድ ሰው እራት ነው፤ ለሁለት የሚካፈሉት ሰዎች ሌሊት በብርድ ይነቃሉ። ሰውነት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት የሚሠራው ከዚያ ከበላው ነውና።

ለመግዛት ሲታሰብ ካሎሪውን ለክብደቱ ማካፈል ጥሩ ልማድ ነው። በአንድ ግራም 4 ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሸክሙ ዋጋ አለው። ከ4 በታች ከሆነ ዘይት ይያዝለት። በትንሽ ጠርሙስ የተያዘ ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ 15 ግራም፣ ማለትም አንድ ሾርባ ማንኪያ፣ 135 ካሎሪ ይጨምራል። ጨውም አይረሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ጣሪያ 2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ነው፤ አንዳንዱ ከረጢት ብቻውን የዚያን ግማሽ ይይዛል። በላብ ለወጣ ሰው ጨው ክፉ አይደለም፤ ግን ውሃው በአጭር ርቀት በማይገኝበት ካምፕ በሌሊት የሚያስጠማ እራት ሌላ ሸክም ነው።

ስለ ባቄላና ጥራጥሬ እሽጎች አንድ ነገር ልበል። የአየር ግፊት ሲቀንስ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ይሰፋል። በደንብ ያልራሰ ባቄላ ሆድ ውስጥ ገብቶ መርጠቡን ይቀጥላል፣ ይነፋልም። ከ3,500 ሜትር በላይ ለሚታደርበት የመጀመሪያ ሌሊት ሩዝ፣ ድንች ወይም ፓስታ ይሻላል። ያኔ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል፤ ከባድና ብዙ ቅባት ያለው እሽግ ሳይበላ ይቀራል። የሚወዱትን ጣዕም ለዚያ ሌሊት ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ስንቅ የምንለው ነገር

የደረቀ ምግብ ይዞ መንገድ መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የማያውቅ አንባቢ የለም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፤ እነዚህ ሁሉ ውሃው የወጣለት ምግብ ናቸው። እኔን የሚቆጨኝ ተራራ ሲወጣ የውጭው ከረጢት «የካምፕ ምግብ»፣ የእኛው ግን «የገጠር ስንቅ» ተብሎ ለየብቻ መታሰቡ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመዘኑ የእኛው በብዙ ነገር ይበልጣል፤ በአንዳንዱ ደግሞ ያንሳል፣ ያንንም መናገር ያስፈልጋል።

በሶ እሳት የማይፈልግ ምግብ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ በቀዝቃዛ ውሃ ይበላል። 60 ግራም በሶ፣ 200 ሚሊ ሊትር የታከመ ውሃ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር፣ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ይናጥ፤ በሁለት ደቂቃ ምሳ ይሆናል። ውሃው ከዚያ ሲያንስ ጭብጦ ሆኖ በእጅ እየተቆረጠ ይበላል። የሚበላሸው ዱቄቱ ቀድሞ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባና ውሃው ከላይ ሲፈስበት ነው፤ ሥሩ ላይ ደረቅ እብጠት ይቀራል። ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ በሦስት ጊዜ ይጨመር።

ጭኮ ከዚህም ይበልጣል። በአርሲና በባሌ ኦሮሞዎች ዘንድ የክብር ምግብ የሆነው ይህ የበሶና የተነጠረ ቅቤ ድብልቅ፣ በሁለት እጅ በሶ አንድ እጅ ቅቤ ሂሳብ፣ በግራም 5 ተኩል ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አብዛኛው የውጭ ከረጢት እዚያ አይደርስም። ሳነቴን ከሚያቋርጥ ሰው ኪስ ውስጥ 150 ግራም ጭኮ ካለ 800 ካሎሪ ይዟል ማለት ነው። ጉድለቱ ብርድ ነው፤ ቅቤው ሲረጋ ጭኮው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጠዋት በጃኬት የውስጥ ኪስ ይግባ፣ ለምሳ ይለሰልሳል። ለጾም በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት የታሸ በሶ ይተካዋል፤ ዘይቱ ስለማይረጋ ብርድ ላይም ለስላሳ ነው፣ ግን መያዣው ክዳኑ የሚጠብቅ መሆን አለበት።

ድርቆሽ ደግሞ ውሃ በመመለስ ረገድ ከሁሉም ይፈጥናል። የእንጀራው ዓይን በቅዝቃዜ የደረቀው ምግብ ላይ ማሽን የሚፈጥረውን ቀዳዳ በተፈጥሮው ይዞ ነው የተጋገረው። ሙቅ ወጥ ሲነካው በሁለት ደቂቃ ይርሳል፤ 88 ዲግሪም ሆነ 80 ግድ የለውም።

የሚያሳዝነው ሽሮ ነው። ዱቄት ስለሆነ «ውሃ ብቻ የሚፈልግ» ይመስላል፤ ግን መንተክተክ ይፈልጋል። 88 ዲግሪ ላይ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ያ ሁሉ ጋዝ ነው። ምስር ክክም እንዲሁ። ድፍን ባቄላና ሽምብራ ካምፕ ላይ ለማብሰል መሞከር ነዳጅ መጨረስ ነው። ቋንጣም ቢሆን እንደተዘለዘለ ከረጢት ውስጥ ቢገባ በ25 ደቂቃ አይለሰልስም። ሽሮን፣ ምስር ክክንና ሥጋን ወደ እውነተኛ ፈጣን ምግብ የሚለውጣቸው ቤት ውስጥ አንዴ አብስሎ እንደገና ማድረቅ ነው።

እቤት የሚታሸገው

የመሠረቱ ነገር ቁሌት ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ደቆ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ 60 ግራም በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ፣ ጨውና ቅመም ይግባበትና ውሃው እስኪመጥ ይብሰል። ዘይቱ የሚቆጠበው ቅባት ስለማይደርቅ ነው፤ ዘይት የበዛበት ቁሌት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ በሳምንታትም ይሻግታል ወይም ይከረፋል። ከዚያ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጣ፣ በ60 ዲግሪ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይድረቅ፣ ሲታጠፍ ሲሰበር ይፈጭ። 200 ግራም ገደማ ዱቄት ይወጣዋል። ማድረቂያ ማሽን የሌለው ሰው የቤት ኦቨን በዝቅተኛው ሙቀት፣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጎ ይጠቀም። በሩ ከተዘጋ ተኑ መውጫ ስለሚያጣ ምግቡ ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም።

ሽሮውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ወፍራም ተደርጎ እስከሚበስል ይንተክተክ፣ በስሱ ይሰጣ፣ ይድረቅ፣ ይፈጭ። 60 ግራሙ 250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይበቃዋል፤ አሥር ደቂቃ ተሸፍኖ ቆይቶ ይማሰልና ዘይቱ ያኔ ይጨመር። ምስር ክክ እስኪፈርስ ከተቀቀለ በኋላ ቢደርቅ በ15 ደቂቃ ይመለሳል።

ሥጋን በተመለከተ የተፈጨ፣ ጮማ የሌለው ይመረጥ። ግማሽ ኪሎው ላይ 60 ግራም የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ይቀላቀልበት፤ ፍርፋሪው በሥጋው ቅንጣቶች መሐል ገብቶ ኋላ ውሃ የሚያስገባ በር ይሆናል። ያለ እሱ የደረቀ የተፈጨ ሥጋ እንደ ጠጠር ነው፤ ሃያ ደቂቃም አይበቃው። በደንብ ይብሰል፣ ውስጡ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ የወጣው ስብ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይወገድ፣ ከዚያ በ70 ዲግሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይድረቅ። ቋንጣ ለሚወድ ደግሞ ከመንገድ በፊት በሙቀጫ ምስር እስኪያህል ይደቅ። ጥሬውን የደረቀ ስለሆነ ከረጢት ውስጥ በሙቅ ውሃ ብቻ ከማራስ ይልቅ ድስት ውስጥ አምስት ደቂቃ ማፍላት እመርጣለሁ።

ድርቆሹ በሦስት ጣት ስፋት ይቆራረጥና በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ግን አይሞከርም። ሲሰበር ድምፅ ካሰማ ደርቋል፣ ከታጠፈ ገና ነው። አንድም የሻገተ ነጥብ ከታየበት ሁሉም ይጣል እንጂ ተለቅሞ አይያዝም።

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ምግቡ ክዳን ባለው የመስታወት ማሰሮ ውስጥ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ፣ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ በየቀኑ ይነቅነቅ። መስታወቱ ላብ ካወጣ እርጥበት ቀርቷል፤ ወደ ማድረቂያው ይመለስ። ይህን ያለፈ ምግብ ዘይት ካልበዛበት ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ሁለት ወር ይቆያል።

ለአንድ ሰው የቋንጣ ፍርፍር እንዲህ ይታሸጋል፦ 100 ግራም ድርቆሽ ለብቻው፤ 35 ግራም የቁሌት ዱቄትና 20 ግራም የደቀቀ ቋንጣ በሌላ ትንሽ ከረጢት፤ 25 ግራም የተነጠረ ቅቤ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ። ጠቅላላው 180 ግራም፣ ከ750 ካሎሪ በላይ ነው። ካምፕ ላይ 330 ሚሊ ሊትር ውሃ ከቁሌቱና ከቋንጣው ጋር አምስት ደቂቃ ይፍላ፣ ቅቤው ይግባ፣ ድስቱ ከእሳት ይውረድ፣ ከዚያ ድርቆሹ ይጨመርና ተከድኖ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ድርቆሹ ውሃው እየፈላ ከገባ ገንፎ ይሆናል። በከረጢቱ ላይ በማርከር የውሃው መጠንና ደቂቃው ይጻፍ፤ በድካምና በጭለማ ከማስታወስ ማንበብ ይቀላል። የዚፕ ላስቲክ የፈላ ውሃ አይፈስበትም፣ ለመያዣ ብቻ ነው። ለማራሻ ድስት ወይም አፉ ሰፊ ፔርሙዝ ይሁን።

የሰሜኑን መንገድ ለአራት ቀን የሚሄድ ሰው ምን ይያዝ ብባል፣ ጠዋትና ምሳን በበሶ፣ በጭኮና በዳቦ ቆሎ፣ እራቱን ሁለት ሌሊት በቤት እሽግ፣ የውጭውን ከረጢት ደግሞ ከሁሉ ለሚከብደው ቀን እላለሁ። ከረጢቱ ትልቁ ጥቅሙ እጅ በብርድ ሲደነዝዝ ድስት ሳያስነካ፣ ሳያሳጥብ እራት መስጠቱ ነው። ለዚያች ሌሊት ዋጋው ተገቢ ነው። ለሁሉም ሌሊት ግን አይደለም።

እሳቱና ውሃው

ማገዶ ከፓርኩ መልቀም አይታሰብ። አስታ በዚያ ብርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የቆየ ነው። የደረቀ ምግብ ከምንም በላይ የሚወደድልኝ ለዚህ ነው፤ ውሃ ማፍላት እንጂ ሰዓታት ማብሰል ስለማይፈልግ በትንሽ ምድጃ ያልቃል።

ከውጭ ለሚመጡ ማስጠንቀቂያ፦ የካምፕ ጋዝ ጣሳ በተሳፋሪ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም። ስለዚህ አገር ውስጥ በሚገኝ ነዳጅ፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን፣ የሚሠራ ምድጃ ማሰብ ይሻላል፤ ያገለገለ ምድጃ ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ሽታ እንዳይቀርበት ታጥቦ ይምጣ። ጣሳ ያገኘ ሰው አንድ ሊትር ውሃ በነፋስ መከላከያ 15 ግራም ጋዝ ገደማ፣ ያለ መከላከያ ግን እጥፉን እንደሚፈጅ ያስብ። ሌሊት ጣሳውን ጨርቅ ጠቅልሎ መኝታ ውስጥ ማሳደር ነው፤ የቀዘቀዘ ጣሳ ጠዋት እሳቱ ይዳከማል።

ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ እንዲፈላ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይመክራል። ከረጢት ውስጥ የሚገባውም ውሃ ይህን ማለፍ አለበት፤ 79 ዲግሪ ላይ የሚረጋ ድብልቅ ላይ ብቻ መመካት አይገባም።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ቅርብ ቦታ መሞከር ይቻላል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አንድ ከረጢትና አንድ የቤት እሽግ እዚያ ወስዶ ጎን ለጎን በጋቢ ጠቅልሎ ሰዓት መያዝ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ሆድ የማይስማማውንም እዚያው ማወቅ ይሻላል።

ባዶው ከረጢት አሉሚኒየም ስለተለበጠበት አይቃጠልም፤ እሳት ውስጥ ከገባ ተጨማትሮ ይቀራል። ተጠርጎ፣ ተጣጥፎ፣ ዚፑ ተዘግቶ ይመለስ። ለሌላው ቆሻሻም መያዣ ይሆናል፤ ዚፑ ሽታውን ስለሚያፍን ካምፑን ከማይለቁት ቁራዎች ይጠብቃል። ቁራዎቹ የተዘነጋ ዕቃ ያገላብጣሉ፣ ምግብ ሜዳ ላይ ትቶ ድንኳን መግባት አይገባም።

ወደ ጫፍ የሚወጣበት ንጋት ደግሞ ማታውኑ ይዘጋጃል። አፉ ሰፊው ፔርሙዝ በፈላ ውሃ ታጥቦ ይሙቅና ይደፋ፤ ከዚያ 80 ግራም አጃ፣ 15 ግራም የደረቀ ሙዝ፣ ቁንጥር ጨውና 350 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይግባበት፣ ይከደን፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ድንኳኑ ውስጥ ይደር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲነሱ ምድጃ ሳይለኮስ የሚበላ፣ ለብ ያለ፣ በደንብ የራሰ ገንፎ ይገኛል።